ጭስ ያልነካው እንጆሪ

ባለቤቴ ካሣዬ ጡረታ የወጣ ዕለት ተመስገን ብዬ ነበር። ያረፍኩ መስሎኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ቀማሽ ነበር። ቡናውን በማንኪያ ይዞ "ፍስስስ!" አድርጎ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ቱፍ! ተፍቶ ሲያበቃ "ይኼ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ገብቷል፣ ይኼ አፈር ነክቶታል፣ ይኼኛው ደግሞ ማር ነው" ይላል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ላበሰልኩት ሳይከፈለኝ፣ እሱ ለሚተፋው ደሞዝ ነበረው።

አፍንጫውማ ስንቱን ያስጨነቀ አፍንጫ ነው። ጎረቤት ቤት ሽንኩርት ሲያርር ከአልጋው ሳይነሳ ይናገራል። በር ላይ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ቅቤው ቆይቷል" ይለኛል። እኔም አልተኛሁለትም፤ "ክቡር አፍንጫ" የሚል ማዕረግ ሰጠሁት። አንዴ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ሰፈሩ ተቀበለው። ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሐፍሳ እንኳ ስኳር ስትመዝንልኝ "ክቡር አፍንጫ ደህና አደሩ?" ትለኛለች። እሱም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን የኖርነው እንዲህ ነው። የኔ ዘመዶች ጴንጤ ናቸው፣ የሱ ዘመዶች ጠበል ይረጩናል፤ እኛ ደግሞ መሐል ቁጭ ብለን እንሳሳቃለን።

ባለፈው ሰኔ ክፉ ጉንፋን ያዘውና አሥር ቀን ተኛ። ተነሣ፣ ዳነ፣ ሾርባውን ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆነ። እኔ ግን ሰው ዝም ሲል የመናገሪያ ጊዜ የተሰጠኝ ነው የሚመስለኝ፤ ስለዚህ ብዙም አልገረመኝም።

በመስከረም መጨረሻ ላይ ቴፒ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ደወለለት። ሊቀመንበሩ ይትባረክ የሚባል፣ ትሕትናው የሚያንሸራትት ወጣት ነው። "ጋሽ ካሣዬ፣ ዘንድሮ የአባሎቻችንን ቡና እርስዎ ይቅመሱልን። እርስዎ ጥሩ ያሉት ጥሩ፣ መጥፎ ያሉት መጥፎ ይሆናል። ከኅዳር ጀምሮ" አለው። ካሣዬ ይኼን ስልክ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ነው የኖረው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚያየው ሊገነፍል እንደደረሰ ድስት ነበር። ታዲያ ምን ብሎ መለሰ? "እስኪ ላስብበት።"

ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን እያወራሁ ነበር።

በሳምንቱ መዶሻና ምስማር ይዞ ጓሮ ገባ። ልጃችን ሳባ ጅማ ነርስ ሆና ስትሄድ ትታው የሄደችውን አልጋ ፈታታው፣ ወንፊት ሽቦ ወጠረበት፣ በአራት እግር አቆመው። ልክ የቡና ማስጫ ሆነ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"እንጆሪ ላሰጣ ነው።"

"ምን?"

"እንጆሪ። ወቅቱ አጭር ነው፤ ሁለት ሳምንት ይታያል፣ ከዚያ የለም። አድርቄ ላስቀምጠው ነው።"

ጉድ በል ሚዛን ተፈሪ! እዚህ አገር እኮ ፀሐይ እንግዳ ናት፤ መጣች ብለህ ወንበር ስታወጣ ሄዳለች። ልብስ አጥበን ሦስት ቀን እናሰጣና በአራተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠን እርጥቡን እንለብሳለን። እናቴ በቆሎም ይሁን ኮረሪማ ማድረቅ ሲያምራት ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ታወጣውና ትረሳዋለች። ጭሱ ያደርቀዋል፣ አለቀ። የአገሩ ሁሉ ዘዴ ይኸው ነው። ይኼን ብነግረው ካሣዬ የሞት ዜና የሰማ መሰለ።

"ጭስ? ጭስ የነካው ነገር የሞተ ነገር ነው! አማረች፣ ይኼን እንጆሪ ቆጥ ላይ ታወጪና የኔና ያንቺ ነገር ያበቃል!"

"እሺ ክቡር አፍንጫ፣ ይቅርታ ክቡር አፍንጫ" አልኩት።

እንጆሪውን ከጫካ ለቅማ የላከችልን ማሻ ከተማ ያለችው እህቴ የምሥራች ናት። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቅርጫት ሞልታ፣ በቴፒ በኩል በሚያልፍ መኪና ላከችው። ግማሹ የደረሰው ጭማቂ ሆኖ ነው፤ የተረፈው አልጋው ላይ ተሰጣ። ከዚያማ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። በየግማሽ ሰዓቱ ማገላበጥ፣ እኩለ ቀን ላይ መሸፈን፣ ደመና ስትታይ ላስቲክ ይዞ መሮጥ! ደመናዋ የምታልፍ ትሁን የምትዘንብ አይጠይቅም። በስልሳ ዓመቴ ጓሮዬ ውስጥ ሯጭ ሆንኩ። ሐፍሳ በአጥሩ ላይ ሆና "እትዬ አማረች፣ በርቺ፣ ልትደርሺ ነው!" ትለኛለች።

ደግሞ ደብተር አለው። በማስመሪያ አስምሮ "ቀን፣ ፀሐይ፣ ቀለም፣ ጠረን" ብሎ ጽፎበታል። ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ያነሣና አፍንጫው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆሞ ይቀራል። ረጅም ጊዜ ነው የሚቆመው። "ተሳለምከው ወይስ ሊያዋራህ ነው?" እለዋለሁ። እፍኙን መልሶ ያሰጣዋል።

በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያው እንጆሪ ጺም አበቀለ። ዕውነቴን ነው፣ ሽበት ያለው ጺም። ካሣዬ ጎንበስ ብሎ አሸተተና "ደህና ነው" አለ።

"ደህና? ሰውዬ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እንደ ወታደር ካልሲ ይሸተኛል!"

ቀና ብሎ ፍሬውን ትኩር ብሎ አየው። "አዎ፣ አሁን አየሁት" አለና ሄዶ ደፋው። አየሁት ነው ያለው። ይኼም አመለጠኝ፤ ካልሲ ያልኩት ነገር ራሴን ስላሳቀኝ እሱን ለሐፍሳ ልነግራት እየቸኮልኩ ነበር።

የምሥራች፣ እግዜር ይስጣት፣ ሁለተኛ ቅርጫት ላከች። ወቅቱ እያለቀ ስለነበር "ከዚህ በኋላ የለም፣ እሾሁ እጄን ጨርሶታል" ብላ አስጠነቀቀችን። ካሣዬ ይኼኛውን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚጠብቀው። ስምንት ቀን ደህና ሄደ፤ ግማሽ ያህሉ ደርቋል። ከዚያ ማጂ የነበረ የድሮ የሥራ ባልደረባው አረፈና ለለቅሶ ሐሙስ ጠዋት ተነሣ። መኪናው እየጠበቀው፣ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ እንኳ ይመክረኛል።

"በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጪ። ከዘነበ በላስቲክ ሸፍኚ። ቆጥ ግን..."

"ቆጥ ግን ሞት ነው። ሂድ፣ ሰው ሞቷል፣ አንተ ስለ እንጆሪ ታወራለህ!"

ገና ከዓይኔ ሳይጠፋ ዝናቡ ጀመረ። ሐሙስ ዘነበ፣ ሐሙስ ማታም ዘነበ፣ ዓርብ ደግሞ ሐሙስን የሚያስንቅ ዝናብ ዘነበ። ላስቲኩ ሥር እንጆሪው ማላብ ጀመረ፤ ጠርዙ ላይ ያ ጺም ብቅ ሊል ነው። የእህቴ የተቧጨረ እጅ ታየኝ። ምን ላድርግ? እናቴ የምታደርገውን አደረግሁ። ፍሬውን ሰፌድ ላይ ሰብስቤ ኩሽና ገባሁና ቆጡ ላይ፣ ከኮረሪማው ጎን አወጣሁት። ከሥር እርጥብ እንጨት አነደድኩ፤ ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? ኩሽናው ጭስ በጭስ ሆነ፤ እኔም ዓይኔን እያበስኩ አገላበጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት እንጆሪው ደርቆ ኩርምት ብሎ፣ ጠቆር ብሎ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሆኖ ወረደ። ሲቀምሱት ጥሩ ነው። ሲያሸቱት ግን የተቃጠለ ጎጆ ነው።

ፀሐይ ለወጉ ብቅ ስትል ወደ ጓሮ መለስኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ልደብቀው አልነበረም። ጩኸቱን ነበር የምጠብቀው! "አማረች! ጭስ!" ሲል እኔ ደግሞ "ጭስ ባይኖር ጺሙን ትላጨው ነበር" ልለው አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻዬን ተለማምጄዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይል በቀጥታ ጓሮ ወዳለው ማስጫ ሄደ። አንድ እፍኝ አነሣ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሳበ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፍኜ ይዤዋለሁ።

"ይኸው!" አለ። "ፀሐይ። ንጹሕ ፀሐይ። ጭስ አልነካውም።"

ነጠላዬ ከአፌ ላይ ወረደ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም። እኔ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ጭሱ ያስነጥሰኛል። ይኼ ሰው፣ የጎረቤት ሽንኩርት ከመኝታው የሚያሸት ሰው፣ አፍንጫው ሥር ያለውን አላወቀም። 

ጭሱን አላነሣሁበትም። ውሃ አቀረብኩለት፣ ስለ ለቅሶው ጠየቅሁት፣ ምሳውን አቀረብኩለት። ሊታጠብ ሲገባ ደብተሩን ገለጥኩ። ቀኑ ተጽፏል፣ ፀሐዩ ተጽፏል፣ ቀለሙ "ቀይ፣ ጥቁር ቀይ" ተብሎ ተጽፏል። "ጠረን" በሚለው ሥር ግን ከላይ እስከ ታች ጭረት ብቻ ነው። በየቀኑ አንድ አንድ ጭረት። የዚያን ዕለት የእስክሪብቶው ቀለም ገና አልደረቀም፤ እሱም ጭረት ነበር። ለኔ "ፀሐይ" ብሎ ለደብተሩ ግን አልዋሸም።

ያኔ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ መጣብኝ። ከሰኔ ጀምሮ ቅቤው ቆይቷል ብሎኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሽሮ አሳርሬ ዝም ብሎ በልቶታል፤ እኔ ደግሞ ጠባዩ የተሻለ መስሎኝ ነበር። እንጆሪውን ያሰጣው ለማስቀመጥ አይደለም። በየጠዋቱ እያሸተተ አፍንጫው ይመለስ እንደሆነ ሊያይ ነው። የቡናን ሽታ በቃሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ራሱን ሊያታልል ይችላል። እንጆሪ ግን አዲስ ነው። "ላስብበት" ያለው ይኼን ነው የሚያስብበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ያን ቀን ዝም ብዬ አመሸሁ፤ ሆዴ ግን ነቀዘ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ እነይትባረክ ከቴፒ መጡ። መልሱን ሊሰሙ ነው። ከይትባረክ ጋር ፈንታው የሚባል ገበሬ አለ፤ የማኅበሩ አባል ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሽ ካሣዬ፣ አምና ሊቀምስ የመጣው ልጅ ቡናዬን አንዴ ፉት ብሎ ጣለብኝ" አለ ፈንታው። "የዓመት ልፋቴን ነው የጣለብኝ። ዘንድሮ እርስዎ ነዎት የሚቀምሱት ሲሉኝ አንድ አንዷን ፍሬ በእጄ ነው የለቀምኩት። እርስዎ መጥፎ ነው ካሉኝ፣ መጥፎ ነው። ቅር አይለኝም።"

ካሣዬ ተነሣና እንጆሪውን በሰሐን ይዞ መጣ። ገና በሩን ሲያልፍ ሳሎኑ ኩሽና ኩሽና አለ።

"በሉ፣ መጀመሪያ ይኼን እዩልኝ። በፀሐይ ብቻ የደረቀ ነው። ጭስ አልነካውም። አሽትቱት" አላቸው።

ይትባረክ አሸተተ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንባው ግጥም ብሎ ሞላ! "ኧረ ጋሽ ካሣዬ!" አለ እየዋጠ። "ልዩ ነው! ፀሐይ ፀሐይ ነው የሚለው! እንዲህ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም!" የመጨረሻው እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ሰሐኑ ወደ ፈንታው ዞረ። ፈንታው በጭስ ቤት ተወልዶ በጭስ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ የለበሰው ኮት ራሱ ያንኑ ይሸታል። አሸተተ፣ ይትባረክን አየ፣ መሬቱን አየ። "አዎ... ፀሐይ ነው" አለ።

ካሣዬ ሰሐኑን ይዞ ወደኔ ዞረ።

"አንቺስ አማረች? ምን ይላል?"

በሠላሳ አራት ዓመት አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ያደርግለታል፣ ሳይጠየቅ ይቀርብለታል። ያን ዕለት ጠየቀኝ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መዋሸት አማረኝ። ፀሐይ ነው ብል ባሌ በክብር መኪና ላይ ይወጣል፤ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ያገኛል። የፈንታው ቡና ደግሞ የማይሸተው ሰው እጅ ይወድቃል። ጭስ ነው ብል በእንግዳ ፊት፣ በገዛ ቤቱ፣ አፍንጫውን እኔ ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ። ፈንታው ጉልበቱ ላይ ባርኔጣውን ያዞራል።

"ጭስ" አልኩ።  "ጭስ ጭስ ነው የሚለው ካሣዬ። ሐሙስና ዓርብ ሲዘንብ እኔ ነኝ ቆጥ ላይ ያወጣሁት።"

ይትባረክ ደርቆ ቀረ፤ ከእንጆሪው የተሻለ ደረቀ። ካሣዬ ሰሐኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ሰማችሁ? እኔ ከሰኔ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ጭስም፣ ቡናም፣ ይኼ እንጆሪም። እናንተ ግን ይሸታችኋል። ሸቷችሁ እንዲህ ካላችሁኝ፣ ቴፒ መጥቼ ስሳሳት ማን ሊነግረኝ ነው?"

ይትባረክ ሰሐኑን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

"የሚሸተው ሰው ፈልጉ። እኔ የፈንታውን ቡና በግምት አልቀምስም።"

ይትባረክ "ኧረ ጋሼ፣ ችግር የለውም፣ ስምዎ ብቻ ቢኖር..." ማለት ጀመረ። ካሣዬ አየት ሲያደርገው ቃሉን መልሶ ዋጠ። ሲወጡ ፈንታው በሩ ላይ ተመለሰና ጎንበስ ብሎ የካሣዬን ትከሻ ሳመ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ጭስ ነበር" አለ።

ከሄዱ በኋላ ካሣዬ ጓሮ ሄዶ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆመ። ተከተልኩት።

"ቆጥ ላይ ማውጣቴን አላወቅህም ነበር?" አልኩት።

"ማጂም ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቧል። በዝናብ እንጆሪ እንደማይደርቅ ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም።"

"ታዲያ ለምን ፀሐይ ነው አልከኝ?"

"ጭስ ነው ትይኛለሽ ብዬ ነዋ። ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ስትይ የምር እንዳለቀልኝ ገባኝ።"

"ከሰኔ ጀምሮ! ካሣዬ፣ አምስት ወር ሙሉ! ለኔ እንዴት አትነግረኝም?"

 የወንፊቱን ሽቦ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ደህና የነበርኩ ጊዜ ክቡር አፍንጫ ብለሽ ለሰፈሩ አደልሽኝ" አለ። "ሲጠፋብኝ ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ሳስብ ፈራሁ።"

እውነቱን ልናገር? ስሙ ወዲያው መጣልኝ። አንድ አይደለም፣ ሦስት መጣልኝ። ሦስቱም የሚያስቁ ናቸው፤ ሐፍሳ ብትሰማ ስኳሩን ትደፋው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰው ተደረደሩ። የፈራው ይኼን ነው፤ ደግሞም ልክ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ማዕድ እየበላን፣ ባሌ ብቻውን የፈራው ጨለማ ወይም ሞት ሳይሆን እኔን ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ወለም ያለ ነው።

ሦስቱንም ስም ዋጥኳቸው። ቀላል አልነበረም።

ቤት ገብቼ ሰሐኑንና ደብተሩን ይዤ መጣሁ። ደብተሩን እጁ ላይ አደረግሁለት፣ ከዚያ አንድ እፍኝ እንጆሪ አንሥቼ እንደ እሱ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ሐፍሳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ደግሞ አንቺ ጀመርሽ እትዬ?" አለችኝ። 

"ጻፍ" አልኩት። "እርጥብ እንጨት ይሸታል። ኮረሪማ አለበት፣ ትንሽ።"

እስክሪብቶውን አወጣ። ከጭረቱ ጎን ጻፈ።

"ከጭሱ ሥርስ?" አለኝ። "ከጭሱ ሥር ምን አለ? ቀስ ብለሽ አሽትቺው።"

ቀስ ብዬ አሸተትኩት።

"እንጆሪው አለ" አልኩት። "አልሞተም።"